ከቅጠል እስከ ክኒን፦ ለስኳር በሽታና ለውፍረት ከዕፀዋት የተገኙ መድኃኒቶች ታሪክ

እናቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በስኳር በሽታ ትታከማለች። ሐኪም ያዘዘላት በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ነጭ ክኒን ሲሆን ስሙ ሜትፎርሚን ይባላል። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ልጠይቃት ብሄድ ክኒኑን ከተወች ሁለት ወር እንደ ሆናት ደረስሁበት። በክኒኑ ፈንታ ጎረቤት ያመጣችላትን መራራ ቅጠል እያፈላች ጧት ጧት በባዶ ሆዷ ትጠጣ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ያ የፋብሪካ ነው፤ ይኸኛው ግን እግዜር ያበቀለው ቅጠል ነው» አለችኝ። እኔም በኬሚካል ምሕንድስና የተመረቅሁ ሰው በመሆኔ በዕውቀቴ ተመክቼ፣ ቅጠል መድኃኒት እንዳይደለ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኋት። ሳምንት ሳይሞላ የደሟ ስኳር እጅግ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድና ወጣች።

እርሷም እኔም እንደ ተሳሳትን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እርሷ «የፋብሪካ ነው» ብላ የተወችው ክኒን የትውልድ ሐረጉ ሲቈጠር ከአንድ የዱር ቅጠል ይደርሳል። እኔ ደግሞ ቅጠልን ስነቅፍ በእጄ የያዝሁት የዚያኑ የቅጠል የልጅ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ይኸውም ቅጠልን ከመድኃኒት የሚለየው ምንድን ነው? በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል ይረዝማል? በመንገዱስ ላይ ምን ምን ሥራ ተሠርቷል? የሚል ነው። ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ ያገኘሁትን መልስ ለማኅበራችን አባላት በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድሁ። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጋሌጋ ተክል

ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የተባለው ተክል ከአውሮፓ እስከ ምዕራብ እስያ ድረስ በወንዝ ዳርና በርጥብ ሜዳ የሚበቅል፣ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ፣ አበባው ነጭ ወይም ሐምራዊ የሆነ ቅጠላ ቅጠል ነው። ወገኑ ከባቄላና ከአተር ነው፤ የእኛው አብሽም የሚቈጠረው ከዚሁ ወገን ነው። የተክሉ ስም ወተት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ይህም የከብትን ወተት ያበዛል ተብሎ ከመታመኑ የተነሣ ነው። በአገራችን አብሽ ለአራስ ወተት ያበዛል እየተባለ እንደሚጠጣ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የሁለት ሩቅ አገሮች እምነት መመሳሰል የሚያስገርም ነው።

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባለ መድኃኒቶች ጋሌጋን ለትኩሳት፣ ለወረርሽኝና ለእባብ ንድፊያ ያዙት ነበር። የእንግሊዙ ሐኪምና የዕፀዋት ጸሐፊ ጆን ሂል ደግሞ በ1772 ለብርቱ ጥማትና ለሚደጋገም ሽንት እንደሚጠቅም ጽፏል። ጥማትና የሽንት ብዛት ዛሬ የስኳር በሽታ ዋና ምልክቶች መሆናቸውን ማንም ያውቃል። ሆኖም ጋሌጋ የታዘዘበት ደዌ ብዙ ስለ ነበረ፣ ከእነዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛውን ከከንቱው ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ አልነበረም።

ይኸው ተክል ሌላም ገጽታ አለው። በ1891 ለከብት መኖ ይሆናል ተብሎ ወደ አሜሪካ፣ ዩታ በተባለው ግዛት ተወስዶ ተተከለ። ከብቶቹ ግን አልወደዱትም፤ የበሉትን በጎችም መርዝ ሆኖ ገደላቸው። ከእርሻው አምልጦ በየመስኖው ዳር ስለ ተስፋፋ የአሜሪካ መንግሥት ከጎጂ አረሞች መዝገብ አገባው። እንግዲህ በአንድ አገር መድኃኒት የተባለው ቅጠል በሌላ አገር መርዝ ተብሎ ይነቀላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ኮሶ ሲጠጣ ያደገ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መጠኑን የማያውቅ ሰው ያዘጋጀው ኮሶ ትሉን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ሊጎዳ እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁ ነበርና።

ቅጠሉን ማንጠር

የመጀመሪያው እርምጃ ቅጠሉ የያዘውን ኃይል ከቅጠሉ ለይቶ ማንጠር ነበር። በ1914 ፈረንሳዊው ዦርዥ ታንሬ ከጋሌጋ አንድ ንጥር ውሕድ ለየና ጋሌጂን ብሎ ሰየመው። በ1918 ደግሞ ዋታናቤ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ ጓኒዲን የተባለ ውሕድ የደምን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ገለጸ። የጓኒዲን አሠራር ቀላል ነው፤ በመካከል አንድ የካርቦን አቶም፣ በዙሪያው ሦስት የናይትሮጂን አቶሞች አሉት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጋሌጂን አሠራር ተመርምሮ ሲታወቅ፣ ከአምስት ካርቦኖች ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ጓኒዲን ሆኖ ተገኘ። በዚህም ሁለት ለየብቻ የተሠሩ ሥራዎች ተገናኙና የአሮጌው መጽሐፍ ወሬ ምክንያቱ ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ንጥሩን ጋሌጂን በሕሙማን ላይ ፈተኑት። የደም ስኳር በርግጥ ዝቅ አለ፤ ነገር ግን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነበር። ከሁሉ የከፋው በሚፈውሰው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። መሐንዲስ በዚህ ስፍራ የደኅንነት ኅዳግ የሚለውን ቃል ያስታውሳል። ከሚሸከመው ጭነት ጥቂት ብቻ አልፎ የሚሰበር ድልድይ ቢቆምም ድልድይ ተብሎ አይመረቅም፤ ጋሌጂንም እንደዚሁ መድኃኒት ሊባል አልቻለም።

ንጥረ ነገሩን ለማሻሻል የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ደግሞ ወደ ጥፋት አመራ። በ1926 በጀርመን አገር ሲንታሊን የተባለ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ወጣ። የዐሥር ካርቦኖች ሰንሰለት ዘርግተው በግራና በቀኝ ጫፉ ላይ አንዳንድ ጓኒዲን ያሰሩበት ነው። ኃይሉ ከጋሌጂን የበረታ ስለ ነበረ፣ በመርፌ ከሚሰጠው ኢንሱሊን ፈንታ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ብዙም ሳይቆይ ግን ጉበትንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ታወቀና ከሐኪሞች እጅ እየራቀ ሄደ። ኃይል መጨመር ደኅንነትን መጨመር አለመሆኑን የጓኒዲን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው በዚህ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሁለተኛ ጊዜ መከፈል ነበረበት።

በመደርደሪያ ላይ የቆየው ግኝት

የታሪኩ አስገራሚ ክፍል የሚከተለው ነው። በ1922 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ ኤሚል ወርነርና ጄምስ ቤል የተባሉ ኬሚስቶች በአንድ ሙከራቸው ሁለት ጓኒዲኖች የተጣመሩበትን አንድ ውሕድ ሠሩ። ሐሳባቸው በሕክምና ላይ አልነበረም፤ የውሕዶችን ጠባይ ለማወቅ ብቻ ነበር። ያ ውሕድ ዛሬ ሜትፎርሚን የሚባለው ነው። ሲታይ ነጭ ዱቄት ነው፤ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። የሚሠራውም ዳይሜቲላሚን ሃይድሮክሎራይድና ዳይሲያንዳይአማይድ የተባሉ ሁለት ርካሽ የፋብሪካ ቅመሞችን በአንድነት በማሞቅ ነው። ከጋሌጋ ቅጠል ውስጥ ቢፈልጉት አይገኝም። ቅጠሉ ያወረሰው የአቶሞቹን አሰላለፍ ሐሳብ እንጂ አካሉን አይደለም።

በ1929 በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ሙከራ የዚህ ቤተሰብ ውሕዶች የደምን ስኳር እንደሚቀንሱ ታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ ማንም ወደ ሕሙማን አላደረሰው። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ካናዳውያን በ1921 እና በ1922 ኢንሱሊንን ለሕክምና ስላበቁት፣ ሊሞቱ የተቃረቡ ልጆች ከአልጋቸው ሲነሡ ያየ ዓለም ሌላ ነገር ለመፈለግ አልቸኮለም። ሁለተኛ፣ በጤነኛ እንስሳ ላይ ውሕዱ ኃይል የሚያሳየው በብዛት ሲሰጥ ብቻ ስለ ነበረ ደካማ ተባለ። ሲንታሊን ያተረፈው መጥፎ ስምም ለዘመዶቹ ሁሉ ተርፎ ነበር። እንዲህ ሆኖ ዛሬ በዓለም ላይ ለስኳር በሽታ ከሚታዘዙት ክኒኖች ሁሉ ግንባር ቀደም የሆነው መድኃኒት ሠላሳ አምስት ዓመት በመጽሔት ገጾች መካከል ተኝቶ ቆየ።

የቀሰቀሰው ሌላ በሽታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለወባ የተሠራው ፕሮጓኒል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነበር። ከዚያ በኋላ ኤዩሴቢዮ ጋርሲያ የተባለ የፊሊፒንስ ሐኪም ሜትፎርሚንን ለኢንፍሉዌንዛ ሲያክምበት፣ በአንዳንድ ሕሙማን የደም ስኳር ዝቅ ማለቱን አስተውሎ በ1950 ገደማ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት መካከል ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ይገኝበታል። ስቴርን በወጣትነቱ በፓሪስ ሆስፒታል ሲለማመድ ጋሌጂንን ያጠና ሰው ስለ ነበረ ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። ከመድኃኒት ፋብሪካ ባለቤቱ ከዣን አሮን ጋር ሆኖ የቤተሰቡን ውሕዶች አንድ በአንድ ፈተነና ከሁሉም ሜትፎርሚንን መረጠ። የሕሙማኑን ውጤት ባሳተመበት በ1957 ግሉኮፋዥ ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙም ስኳር በላ እንደ ማለት ነው። ጋሌጂን ከነጠረበት ከ1914 ሲቈጠር 43 ዓመት መሆኑ ነው።

ስቴርን ከኃይለኞቹ ዘመዶች መካከል ደካማውን መምረጡ ጥበብ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። በዚያው ዘመን ፌንፎርሚን የተባለው ወንድሙ ወጣ። በትንሽ መጠን ብዙ ስለሚሠራ በአሜሪካ ተመራጭ ሆነ። ነገር ግን ፌንፎርሚን ስብ ወዳድ የሆነ ጅራት አለው፤ በዚህም ምክንያት ኃይል በሚመነጭባቸው የሕዋስ ክፍሎች፣ ማለት በማይቶኮንድሪያ ላይ አጥብቆ ስለሚያርፍ፣ ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ብዙ ሕሙማን በዚህ ሞቱ፤ አሜሪካም በ1977 መድኃኒቱን ከገበያ አነሣች። ሜትፎርሚን ግን በውሃ የሚሟሟ፣ በጉበት ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል እንዳለ የሚወጣ ስለ ሆነ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። ኩላሊታቸው ለደከመባቸው ሕሙማን መጠኑ የሚቀነሰው ወይም የሚከለከለውም ስለዚሁ ነው። ቢሆንም የወንድሙ ወንጀል በእርሱ ላይ ስለ ተቈጠረ፣ አሜሪካ እስከ 1994 መጨረሻ ድረስ አልፈቀደችውም።

ማስረጃው የተሟላው በታላቁ የብሪታንያ ጥናት ነው። በ1977 ተጀምሮ 5,102 ሕሙማንን ሃያ ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት ውጤቱን በ1998 ሲያወጣ፣ ክብደታቸው ከመጠን ካለፈ ሕሙማን መካከል ሜትፎርሚን የተሰጣቸው 342 ሰዎች በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲመዛዘኑ ከበሽታው የሚመጣው ችግር በመቶ 32፣ የሞት መጠኑም በመቶ 36 ቀንሶ ተገኘ። ሌሎቹ መድኃኒቶች ክብደት ሲጨምሩ እርሱ አይጨምርም።

ይሁን እንጂ ልክ ማለፍ አይገባም። በ2002 በአሜሪካ 3,234 ሰዎችን ባሳተፈ ሌላ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ሜትፎርሚን ሲወስዱ ወደ በሽታው የሚገቡት በመቶ 31 ቀነሱ፤ ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ግን በመቶ 58 ቀነሱ። የክብደታቸውም ቅነሳ ቢታይ ክኒኑ በአማካይ 2.1 ኪሎ፣ የኑሮ ለውጡ 5.6 ኪሎ ነበር። እግር ክኒኑን በለጠ ማለት ነው።

የፖም ሥር ቅርፊት

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይረዝማል። በ1820 ከሲንኮና ቅርፊት ኪኒን ከነጠረ በኋላ የአውሮፓ ኬሚስቶች በየዛፉ ቅርፊት ውስጥ ለወባ የሚሆን መራራ ነገር መፈለግ ጀመሩ። በ1835 ከፖም ዛፍ የሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ውሕድ ተገኘ። ለትኩሳት ይሆናል ብለው ሞከሩት፤ ለዚያ የረባ ጥቅም አልሰጠም።

በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮዜፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚንን ለውሾች ቢሰጥ በሽንታቸው ብዙ ስኳር ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1889 ይኸው ሰው ከኦስካር ሚንኮቭስኪ ጋር ሆኖ ቆሽቱ የተወገደ ውሻ የስኳር በሽታ እንደሚይዘው አሳየ። ሁለቱም ውሾች በሽንታቸው ስኳር ያወጣሉ፤ ነገር ግን የአንደኛው የደም ስኳር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ፍሎሪዚን የወሰደው የደሙ ስኳር አልጨመረም። ያን ጊዜ ፍሎሪዚን በሽታውን በሰው ሠራሽ መንገድ የሚያመጣ መርዝ መስሎ ታየ። በሽታውን የሚመስለው ነገር የበሽታው መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ መቶ ዓመት ፈጀ።

ነገሩ የኩላሊት ምሕንድስና ነው። ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ ከዚህም ጋር 180 ግራም ያህል ስኳር ከደም ወደ ቱቦዎቹ ይገባል። ጤነኛ ሰው ግን በሽንቱ ስኳር አያወጣም፤ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ያሉ ተሸካሚ ፕሮቲኖች ስኳሩን ለቅመው ወደ ደም ይመልሱታልና። ከእነዚህ አንደኛው ብቻ ከመቶ 90 የሚያህለውን ይመልሳል። ፍሎሪዚን የሚያደርገው ይህን ተሸካሚ መዝጋት ነው። ይህ የመመለሻ ቱቦን ቫልቭ እንደ መዝጋት ይቈጠራል፤ ትርፉ ስኳር በሽንት ይፈሳል፤ ከስኳሩም ጋር ሰውነት ስብ አድርጎ የሚያከማቸው ኃይል አብሮ ይወጣል። በ1987 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይጦች በፍሎሪዚን ቢያክሙ፣ የደማቸው ስኳር ወደ ልኩ ከመመለሱም በላይ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያጣውን ስሜት መልሶ አገኘ።

ታዲያ ፍሎሪዚን ራሱ ክኒን ያልሆነው ለምንድን ነው? በሞለኪዩሉ ውስጥ ስኳሩ ከቀሪው ክፍል ጋር የተያያዘው በኦክሲጂን አቶም በኩል ነው። ይህ ማያያዣ በአንጀታችን ባሉ ኢንዛይሞች በቀላሉ ይቈረጣል፤ ስለዚህ ቢዋጥ ከሥራ ቦታው ሳይደርስ ይፈርሳል። ከዚህም ሌላ አንጀት ስኳር የሚቀበልበትን ተሸካሚ ጭምር ስለሚዘጋ ተቅማጥ ያመጣል። ኬሚስቶቹ ኦክሲጂኑን አውጥተው ካርቦንን ከካርቦን ጋር በቀጥታ አሰሩ፤ የቀረውን ቅርጽ ደግሞ የኩላሊቱን ተሸካሚ ብቻ እንዲይዝ አድርገው ቀረጹት። አንድ ብሎን ለውጦ ማሽኑን እንደ ማዳን ያለ ሥራ ነው። ዳፓግሊፍሎዚን በ2012 በአውሮፓ ተፈቀደ፤ ካናግሊፍሎዚን በ2013 በአሜሪካ ቀጠለ። በ2015 በወጣው፣ 7,020 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት የሦስተኛው ወንድማቸው የኤምፓግሊፍሎዚን ተጠቃሚዎች በልብና በደም ሥር በሽታ መሞታቸው በመቶ 38 ቀንሶ ተገኘ። ክብደትም በጥቂት ኪሎ ይቀንሳል። የፖም ሥር ከታወቀበት ከ1835 እስከ 2012 ድረስ 177 ዓመት ነው።

ከመንገድ የቀሩ

ከቅጠል የተነሣ ሁሉ ከግቡ አልደረሰም። ለውፍረት በቀጥታ የታሰቡት ዕፀዋት ይበልጡን የወደቁ ናቸው። ከቻይናው ማ ሁዋንግ የተባለ ተክል በ1885 የነጠረው ኤፌድሪን ለአስም የሚረዳ መድኃኒት ነበር። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል ተብሎ ተክሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በአሜሪካ ገበያ ለውፍረት መቀነሻ ሲሸጥ ግን የልብና የአንጎል አደጋ አስከተለ፤ በ2004 ተከለከለ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን በጣም የራቀ አይደለም። ጫት ረኃብን እንደሚያስረሳ የሐረርጌ ገበሬም የከተማው ቃሚም ያውቃል። ከቅጠሉ ውስጥ ካቲን የተባለው ውሕድ ቀደም ብሎ፣ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ካቲኖን ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይተው ታውቀዋል። ካቲን በጀርመን አገር የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ሆኖ ተሸጧል፤ በአሠራሩ የካቲኖን ዘመድ የሆነው አምፌፕራሞንም ለውፍረት የሚታዘዝ ክኒን ሆኗል። ዳሩ ግን ፍላጎትን የሚዘጋው ኃይል ልብን የሚያስደነግጥና ሱስ የሚያስይዝ ያው ኃይል ስለ ሆነ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ከጠባብ ገደብና ከብርቱ ቁጥጥር አልወጡም።

ሦስተኛው ከደቡብ አፍሪካ የካላሃሪ በረሃ የሚገኘው ሁዲያ ነው። የሳን ሕዝብ በአደን ጉዞ ረኃብንና ጥማትን ለማስታገሥ ይህን ተክል ያኝካሉ። የአገሪቱ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት በ1990ዎቹ አጋማሽ በውሕዱ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበና በ1997 ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ፈቃድ ሰጠ፤ ዕውቀቱን ያቆየው ሕዝብ ግን አልተጠየቀም ነበር። ከብዙ ወቀሳ በኋላ በ2003 የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ ዘግይቶ ነበር፤ ፋይዘር በዚያው ዓመት ሥራውን ተወ፤ ዩኒሊቨርም በ2004 ገብቶ በ2008 ወጣ። በ2011 የታተመው ሙከራ ተክሉ የሰዎችን አመጋገብ እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም የደም ግፊት እንደሚጨምር አሳየ።

ደግሞም ሐቁን ሁሉ መናገር ይገባል። ዛሬ ለውፍረት በብርቱ የሚሠሩት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች መነሻቸው አንጀት የሚያመነጨው ሆርሞን እንጂ ዕፅ አይደለም። ዕፀዋት በዚህ መስክ ብቸኛው በር አይደሉም።

ለእኛ ምን ይተርፈናል?

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ተክሉ የሚሰጠን ጥያቄውን ነው፤ መልሱን ግን አይሰጠንም። ጋሌጋ የደም ስኳር ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ የፖም ሥርም ኩላሊት ስኳርን ሊያፈስ እንደሚችል ጠቆሙ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ የማንጠር፣ የመመዘን፣ ቅርጽ የማሻሻል፣ የደኅንነትን ኅዳግ የማስፋትና ከሁሉም በላይ በብዙ ሰው ላይ በማመዛዘን የመፈተን ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሠሩት ባለ ዕፅ ብቻ ወይም ሐኪም ብቻ አልነበሩም፤ ኬሚስቱ፣ የፋብሪካው መሐንዲስና የቍጥር ባለሙያው አብረው ደክመውበታል።

የእናቴ ጎረቤት ያመጣችው ቅጠል ከንቱ ነው ብዬ አሁን አልፈርድም። ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ጉድለቱ የተለካው በእፍኝ መሆኑ ነው። የዛሬው እፍኝ ከነገው እፍኝ፣ የክረምቱ ቅጠል ከበጋው ቅጠል፣ የደጋው ከቆላው አይተካከልም። ክኒኑ ግን እያንዳንዱ 500 ሚሊግራም ሲሆን፣ የትም ቢገዛ ያው 500 ሚሊግራም መሆን አለበት። በእፍኝና በሚሊግራም መካከል ያለው ርቀት የእኛ ሙያ የሚኖርበት አገር ነው።

አብሽን እንውሰድ። ትሪጎኔሊን የተባለው ውሕድ ከአብሽ በ1885 ነጥሯል። አብሽ ውሃ ሲነካው እንደሚያብጥና እንደሚዝለገለግ በየማጀታችን የምናየው ሲሆን፣ ይህ የሚመጣው በውሃ ከሚሟሟው የቃጫ ይዘቱ ነው፤ ይህም ቃጫ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በሕሙማን ላይ የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶችም የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ አመልክተዋል። እንግዲህ ጥያቄው በእጃችን ነው። ከየትኛው አካባቢ የተገኘው አብሽ ምን ያህል ቃጫና ምን ያህል ውሕድ ይይዛል? ሲቈላ ምን ያጣል? በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣ ዱቄት እንዴት ይዘጋጃል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ትልቅ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሚዛን፣ ማድረቂያ፣ ጥሩ ቤተ ሙከራና የማይሰለች ሰው ይበቃቸዋል።

ስለ ባለቤትነትም የሁዲያ ታሪክ ይበቃናል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም መጋራት እንዳይወሰድ ደንግጋለች። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው የታወቀውን ሀብት ነው። ያልተመዘነውንና ያልተመዘገበውን ሀብት ማንም መጥቶ ቢመዝነው፣ ክርክራችን የሳን ሕዝብ እንደ ሆነው ከዘገየ በኋላ ይሆናል።

እናቴ ዛሬ ክኒኗን ሳታቋርጥ ትወስዳለች። አብሽም ትጠጣለች፤ አሁን ግን ለሐኪሟ ነግራ፣ ስኳሯንም እየተለካች ነው። የጋሌጋን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባጫወትኋት ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ይህን ያን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ለምን እተወው ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጊዜ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ያላወቅሁትንም በቁጣ ሸፍኜው ነበር። ሕዝባችን ቅጠሉን የሚያምነው ስለሚያውቀው ነው፤ ክኒኑን የሚጠራጠረው ደግሞ ታሪኩን የነገረው ስለሌለ ነው። ቅጠሉን መመዘን እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የተመዘነውን ለሚጠቀምበት ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትም ከሥራችን ተለይቶ የሚታይ አይደለም።